የሎው ስኩል ዌቨር፦ ከኢሜይሉ እስከ መክፈያው ገጽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለመጪው ዓመት ሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) ላመለክት ነው። የኤልሳት (የሎው ስኩል መግቢያ ፈተና) ውጤቴ ከመጣ ወዲህ ‹የማመልከቻ ክፍያሽን ትተንልሻል› የሚሉ ኢሜይሎች በላይ በላዩ ይመጡልኛል። አንዳንዱ ኮድ ይሰጣል። አንዳንዱ በራሱ ይሠራል ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ከዲሴምበር 1 በፊት ካላመለከትሽ አይሠራም ይላል። 11 ትምህርት ቤት መርጫለሁ፤ ዌቨር፣ ማለትም ክፍያውን የመተው ፈቃድ፣ የላኩልኝ ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ለአንዱ 85 ዶላር ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ዌቨሩን ስፓም ውስጥ አገኘሁት። አባቴ ኡበር ነው የሚነዳው። እኔም የምሠራው በትርፍ ሰዓት ነው። ለእኛ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይህን ሁሉ እንዴት ነው የምከታተለው? ያልላኩልኝን መጠየቅስ ነውር አይሆንም? ዌቨር መላካቸው ይቀበሉኛል ማለት ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። በኢሜይል የመጣልሽ ዌቨር ገና ቃል ነው። ገንዘብ የሚሆነው መክፈያው ገጽ ላይ የማመልከቻው ክፍያ ዜሮ ሆኖ ስታዪው ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ነገር ይጠፋል። ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ይቀራል። የኮዱ ጊዜ ያልፋል። ትምህርት ቤቱ በስምሽ ላይ ሳይመዘግበው ይረሳል። ስለዚህ የምትከታተዪው አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱ ዌቨር ከቃል ወደ ዜሮ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

ሎው ስኩል የሚያመለክቱ ተማሪዎችን ማማከር ሥራዬ ነው። ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው ሎው ስኩል ሲገቡ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ዌቨር አጥቶ ከሚከፍለው ይልቅ ዌቨር በእጁ እያለ የሚከፍለው ሲበዛ ሳይ ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው መልሴ ትንሽ የሚረዝመው።

መጀመሪያ ሁለት ዓይነት ዌቨር እንዳለ ልብ በዪ። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሰው ያምታታቸዋል።

አንደኛው የኤልሳክ ነው። ኤልሳክ ፈተናውን የሚሰጠው፣ ትራንስክሪፕትሽንና የድጋፍ ደብዳቤዎችሽን ሰብስቦ ለትምህርት ቤቶቹ የሚልከው ድርጅት ነው። በ2025–26 የማመልከቻ ዘመን ኤልሳት 248 ዶላር ያስከፍላል። ሲኤኤስ የሚባለው ሰነድ የማሰባሰብ አገልግሎት 215 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ለምታመለክቺበት ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ሪፖርት ይላካል፤ የአንዱ ዋጋ 45 ዶላር ነው። የኤልሳክ ዌቨር የሚሸፍነው እነዚህን ነው። የሚሰጠው በገቢ ሲሆን ደረጃ አለው። ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘ ሰው ሁለት ጊዜ መፈተኛ፣ ሲኤኤስና ስድስት ሪፖርት በነፃ ያገኛል። ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት ይቆያል።

ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ የራሱ ዌቨር ነው። አንቺ ጋ የሚመጡት ኢሜይሎች ስለዚህኛው ነው የሚያወሩት። ትምህርት ቤቱ ለማመልከቻው የሚያስከፍለውን ይተውልሻል። መጠኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጭራሽ የማያስከፍሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ስመ ጥሮቹ ጋ ደግሞ 85 ዶላር የተለመደ ነው፤ ሃርቫርድም ኮሎምቢያም እንደዚያው ናቸው።

አሁን አደራ የምልሽ ነገር አለ። የትምህርት ቤቱ ዌቨር አብዛኛውን ጊዜ 45 ዶላሩን አይነካም። «በነፃ አመልክቺ» የሚል ኢሜይል ደርሶሽ ስታመለክቺ የሪፖርቱ ክፍያ እዚያው ይጠብቅሻል። ሒሳቡን ከአንቺ ዝርዝር ጋር እንሥራው። 11 ሪፖርት 495 ዶላር ነው። ሲኤኤስ ሲጨመር 710 ይሆናል። ሁሉም 11 ትምህርት ቤቶች ክፍያቸውን ቢተዉልሽ እንኳ ይህን ያህል ታወጫለሽ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ካርዱ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ስለ ኤልሳክ ዌቨር በጥያቄሽ ምንም አላነሳሽም። እስካሁን ካልጠየቅሽ ከሁሉም በፊት እሱን ጠይቂ። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካለሽ ማመልከት ትችያለሽ። በሌላ ሰነድ የምትኖሪ ከሆነ የትኛው ሰነድ እንደሚያስጠይቅ ኤልሳክ ገጹ ላይ ዘርዝሮታል፤ ከራስሽ ወረቀት ጋር አመሳክሪው። አንዴ የከፈልሽውን ኤልሳክ ወደ ኋላ ተመልሶ አይመልስልሽም። ስለዚህ ለፈተናው ያወጣሽው ሄዷል። ሲኤኤስና ሪፖርቶቹን ግን ገና ካልከፈልሽ ቆም በዪ፤ መልሱ እስኪመጣ አትክፈዪ።

ይህ ዌቨር ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። ብዙ ትምህርት ቤቶች የኤልሳክ ዌቨር ያለውን ሰው ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቁ የራሳቸውንም ክፍያ ይተዉለታል። ኤልሳክ አንዴ ካጸደቀልሽ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ላይ ክፍያው በራሱ ይወርዳል። ደብዳቤ መጻፍም ኮድ መፈለግም አይኖርም። አንድ ማመልከቻ ስንት በር እንደሚከፍት አየሽ?

የሚያስቸግረው የታክስ ሰነዱ ነው። በወላጆችሽ ታክስ ላይ ጥገኛ ተብለሽ ከተመዘገብሽ የእነሱም ገቢ ይታያል። የእኛ ወላጆች የታክስ ወረቀታቸውን ለማንም ማሳየት አይወዱም። ይህን አውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም። አባትሽን ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው። ሰነዱ የሚሄደው ለዌቨሩ ብቻ መሆኑንና ትምህርት ቤቶቹ እንደማያዩት ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለእናንተ ቤት። ኡበር የሚነዳ ሰው የሚላክለት 1099 ቅጽ ላይ ያለው ቁጥር ጠቅላላ ገቢ ነው። ነዳጁ፣ ጥገናው፣ የመኪናው ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ስኬጁል ሲ የሚባለው የታክስ ቅጽ ላይ ነው የሚገኘው። 1099ኙን ብቻ ያየ ሰው ቤተሰባችሁ ከእውነተኛው በላይ የሚያገኝ ይመስለዋል። ስለዚህ ሙሉውን የታክስ ሰነድ ከነስኬጁል ሲው አያይዢ። ከተከለከልሽ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ያኔም የምታቀርቢው ይኼንኑ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ኢሜይሎቹ እንምጣ።

የትምህርት ቤት ዌቨር አንቺ ጋ የሚደርሰው በተለያየ መንገድ ነው፤ የአሠራራቸው ልዩነት ነው ሰውን የሚያሳስተው። አንዱ መንገድ ትምህርት ቤቱ ራሱ ዌቨሩን በኤልሳክ አካውንትሽ ላይ መመዝገቡ ነው። «በራሱ ይሠራል» የሚሉት እነዚህ ናቸው። ምንም አትጽፊም፤ መክፈያው ገጽ ላይ ስትደርሺ ክፍያው ወርዶ ታገኚዋለሽ። ሌላው ኮድ ነው። ክፍያ ላይ ስትደርሺ ራስሽ ታስገቢዋለሽ። ካላስገባሽው ስለ ኮዱ ማንም አያስታውስሽም፤ ገጹ ሙሉውን ይጠይቅሻል፣ አንቺም ትከፍያለሽ። ሦስተኛው «ቅጹን ሙዪና እንልክልሻለን» የሚለው ነው። ይህኛው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ኢሜይሉ ደረሰኝ ብለሽ እንደ ዌቨር እንዳትቆጥሪው።

ቅድመ ሁኔታ ያለበትም አለ። ከዚህ ቀን በፊት ካመለከትሽ፣ ለሙሉ ጊዜ ትምህርት ብቻ፣ ለዚህ ዓመት መግቢያ ብቻ የሚል ነገር ይገኝበታል። ብዙ ጊዜ ኢሜይሉ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ኢሜይሉን እስከ ታች አንብቢው።

ለመከታተሉ ኤክሴል ወይም ጎግል ሺት ይበቃሻል። ደብተርም ከመረጥሽ ይሆናል፤ ኮድ ከደብተር መገልበጥ ግን ለስሕተት ያጋልጣል። ዜሮና ኦ የሚባለው ፊደል፣ አንድና ኤል ይመሳሰላሉ። ኮዱን ከኢሜይሉ ኮፒ አድርገሽ ሠንጠረዡ ውስጥ ለጥፊው።

ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ መስመር ስጪው። በመስመሩ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም፣ መደበኛ ክፍያውንና የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን ጻፊ። ከዚያ ዌቨሩ ከየት እንደመጣ፦ ከኤልሳክ፣ ከራሱ ከትምህርት ቤቱ፣ ጠይቀሽ ወይስ ሳትጠይቂ። ቀጥሎ በራሱ የሚሠራ ነው ወይስ ኮድ፣ ኮድ ከሆነ ኮዱ ራሱ። የሚያበቃበት ቀን የራሱ ቦታ ይኑረው። ከትምህርት ቤቱ የማመልከቻ ቀን ጋር አንድ አይደለም፤ ማመልከቻው እስከ ማርች ክፍት ሆኖ ዌቨሩ ዲሴምበር ላይ ሊያበቃ ይችላል። ሠንጠረዡን በዚህ ቀን ቅደም ተከተል አስተካክዪው፤ ቶሎ የሚያበቃው ላይ ይሁን። ቅድመ ሁኔታውን በራስሽ ቃል በአንድ መስመር ጻፊው። 45 ዶላሩን ማን እንደሚሸፍንም ለብቻው መዝግቢ። የኤልሳክ ዌቨርሽ ስድስት ሪፖርት ከሰጠሽ ለየትኞቹ ስድስት እንደዋለ ማወቅ አለብሽ።

የመጨረሻው ቦታ ዋናው ነው። ሁኔታው ይባል። እዚያ ውስጥ ከአራት ቃላት አንዱን ብቻ ትጽፊያለሽ፦ ጠይቄያለሁ፣ ቃል ተገብቶልኛል፣ ዜሮውን አይቻለሁ፣ ተጠቅሜበታለሁ። ብዙ ሰው የሚይዘው ሠንጠረዥ «ዌቨር አለ» ወይም «የለም» ነው የሚለው። ያ አይበቃም። «አለ» የተባለው ግማሹ ገና ቃል ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ነው ባለፈው ሳምንት 85 ዶላር ያስወጣሽ።

ዜሮውን እንዴት ነው የምታዪው? ማመልከቻውን በኤልሳክ አካውንትሽ በኩል ሞልተሽ ክፍያው ጋ ትደርሻለሽ። ማመልከቻው የሚላከው ክፍያው ሲጠናቀቅ ስለሆነ እዚያ ላይ ቆም ብለሽ ለማየት ዕድል አለሽ። የማመልከቻው ክፍያና የሪፖርቱ ክፍያ ለየብቻ ነው የሚታዩት። የማመልከቻው ዜሮ ካላለ ካርድሽን ሳታስገቢ ውጪ። ዜሮ ካለ ስክሪንሾት አንሺና ከኢሜይሉ ጋር አስቀምጪው። ይህን የመጨረሻው ቀን ሌሊት ላይ አታድርጊው። ዌቨሩ ከሚያበቃበት ቀን ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብለሽ እዪው። ችግር ቢገኝ የአድሚሽን (የተማሪ ቅበላ) ቢሮው ሰው እንዲያስተካክል የሥራ ቀን ያስፈልገዋል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጻፍሽው ኢሜይል እስከ ሰኞ ማንም ላያነበው ይችላል።

ዜሮ ካላየሽ ጠብ ማንሳት አያስፈልግም። ለቢሮው አጭር ኢሜይል ጻፊ። ዌቨሩን የሰጡሽን ኢሜይል አያይዢ፣ የመክፈያውን ገጽ ስክሪንሾት ጨምሪ፣ በኤል ፊደል የሚጀምረውን የኤልሳክ ቁጥርሽን ጻፊ። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ብዙ ምልልስ ያስተካክሉታል። ሰዎቹ በዚያ ወቅት በብዙ ሺህ ማመልከቻ ነው የሚዋጡት። መረጃው ተሟልቶ የደረሳቸው ኢሜይል ቶሎ ያልቃል።

በእኛ ሰዎች ላይ ደጋግሞ የሚደርስ አንድ ችግር አለ፤ እሱም የስም ጉዳይ ነው። ስማችን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ዓይነት አይደለም። ገብረመድኅን አንዴ በአንድ ቃል፣ አንዴ በሁለት ይጻፋል። በአንዱ ቅጽ የአባት ስም ላስት ኔም ይሆናል፣ በሌላው የአያት። ትምህርት ቤቱ ዌቨሩን የሚመዘግበው ባለው ስምና ኢሜይል ነው። በትምህርት ቤቱ የመረጃ ቅጽ ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ በኤልሳክ ደግሞ በሌላ ከተመዘገብሽ ዌቨሩ አንቺን ላያገኝሽ ይችላል። ስለዚህ መታወቂያሽ ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዢና የትም ቦታ እሱን ብቻ ተጠቀሚ። ኢሜይልም አንድ ብቻ ይሁን። የኮሌጁን ኢሜይል ከተጠቀምሽ ስትመረቂ እንዳይዘጋብሽ፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የተከፈተ ጂሜይል ይሻላል።

ጂሜይል ካልሽ ደግሞ ስፓሙን ብቻ ሳይሆን ፕሮሞሽንስ የሚለውንም ክፍል እዪ። ሎው ስኩሎች የሚልኩት ኢሜይል ከጫማ ማስታወቂያ ጋር እዚያ ውስጥ ነው የሚከማቸው። በሳምንት አንድ ቀን መድቢ፤ እሑድ ማታ ይሁን። «ፊ ዌቨር» የሚሉትን ሁለት ቃላት በእንግሊዝኛ ጽፈሽ በመላው ኢሜይልሽ ውስጥ ፈልጊ። ስፓም ውስጥ ያለውን ተራ ፍለጋ ስለማያወጣው እሱን ለብቻው ክፈቺው። ያገኘሽውን ወደ ሠንጠረዡ ጨምሪ። ሥራው ይኸው ነው።

ኢሜይሎቹ እንዲበዙልሽ ከፈለግሽ በኤልሳክ አካውንትሽ ውስጥ ሲአርኤስ የሚባል አገልግሎት አለ። ፈቃድሽን ከሰጠሽ ትምህርት ቤቶች በውጤትሽና በማርክሽ ፈልገው ያገኙሻል። ነፃ ነው። እንደተከፈተ አረጋግጪ። በተጨማሪ ኤልሳክ በተለያዩ ከተሞች ትምህርት ቤቶችና አመልካቾች የሚገናኙበት የሎው ስኩል ፎረም ያዘጋጃል፤ ዋሽንግተን ዲሲ አንዷ ናት፣ ለአንቺ ቅርብሽ ነው። በኢንተርኔት የሚደረግም አለ። መግቢያው በነፃ ነው። ጠረጴዛቸው ድረስ ሄዶ ላነጋገራቸው ሰው ዌቨር የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ያነጋገርሽውን ሰው ስምና ቀኑን እዚያው ስልክሽ ላይ ጻፊ፤ ማታ ወደ ሠንጠረዡ ይግባ። የዚያን ቀን ቃል የተገባልሽ ዌቨር ኢሜይል ሆኖ ካልመጣ የምታስታውሺው በዚህ ነው።

መጠየቅ ነውር ነው ወይ ላልሽው፦ በፍጹም። ይሉኝታ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ትምህርት ቤቶቹ ለዚህ የሚሆን ቅጽ አዘጋጅተው የሚጠብቁት ሰው እንዲጠይቃቸው ነው። ደጅ መጥናት አይደለም። የሚያነበው ሰው በቀን ብዙ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይመልሳል። ዌቨር ጠየቀች ብሎ ማመልከቻሽን በሌላ ዓይን የሚያይ የለም።

ከመጻፍሽ በፊት የትምህርት ቤቱን የአድሚሽን ገጽ አንብቢ። ለማን ዌቨር እንደሚሰጥ እዚያ ተጽፎ ይሆናል። በገቢ የሚሰጡ አሉ። እንደ ፒስ ኮር፣ አሜሪኮርና ቲች ፎር አሜሪካ ባሉ የአገልግሎት ፕሮግራሞች ወይም በውትድርና ላገለገለ የሚሰጡም አሉ። ለሁሉም አመልካች የተዉ ይገኛሉ፤ እነሱን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። ቅጽ ካላቸው ቅጹን ሙዪ። ከሌላቸው ኢሜይል ይበቃል። በኢሜይሉ ውስጥ ሙሉ ስምሽ፣ የኤልሳክ ቁጥርሽ፣ ለየትኛው ዓመት እንደምታመለክቺ፣ ለምን እንደምትጠይቂ ይኑር። ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሺው። በትርፍ ሰዓት እየሠራሽ መማርሽን፣ የቤተሰቡን ወጪ ማገዝሽን፣ ወደ አገር ቤት ለዘመድ የምትልኩት ካለ እሱንም ጻፊ። ይህ የመጨረሻው በታክስ ሰነድ ላይ አይታይም፤ ሳትነግሪው ማንም አያውቀውም። ትምህርት ቤቱን ለምን እንደመረጥሽው አንድ መስመር ጨምሪ። ልመና የሚመስል ቃል አያስፈልግም፤ እውነቱን በቀጥታ መናገር ይበቃል። ላንቺ ቅርብ የሆኑትን እንደ ሃዋርድ፣ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጅታውን፣ የሜሪላንድና የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲዎችን ዝርዝርሽ ውስጥ ካስገባሽ በአካልም ሄደሽ መጎብኘት ትችያለሽ።

አንድ ጊዜ ጠይቀሽ መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ በአክብሮት አስታውሺያቸው። ሁለተኛው ካልተመለሰ ደውዪ። ከዚያ በላይ ግን አትጠብቂ። የአብዛኞቹ ሎው ስኩሎች አቀባበል ሮሊንግ ነው። ማመልከቻ እየገባ ሲሄድ እያነበቡ፣ መቀመጫውንና ስኮላርሺፑን እየሰጡ ይሄዳሉ። ሴፕቴምበር አካባቢ ተከፍቶ ታንክስጊቪንግ ሲደርስ ብዙ ሰው ገብቷል። ሰባ ወይም ሰማንያ ዶላር ለማዳን ብለሽ ከዲሴምበር ወደ ፌብሩዋሪ ብትገፊው የምታጪው ስኮላርሺፕ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በጣም የምትፈልጊው ትምህርት ቤት ዌቨር ካልሰጠሽ ከፍለሽ ግቢ። ገንዘብ የተጠራቀመው ለዚህ ነው።

ዌቨር ይቀበሉኛል ማለት ነው? አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው። በርካታ ልጆች ያንን ኢሜይል አንብበው ደስ ሲላቸው አይቻለሁ። ኢሜይሉ ስምሽን ጠርቶ «አስደናቂ ውጤትሽን አይተን» ይላል። ከውጤትሽ ጋር የሚመሳሰል ቁጥር ላላቸው ለብዙ ሰዎች የሚላክ ደብዳቤ ነው። ትምህርት ቤቱ ማመልከቻሽን ማየት ይፈልጋል፤ እውነቱ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። የመግባት ዕድልሽን ማወቅ ከፈለግሽ 509 የሚባለውን ሪፖርት እዪ። በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ እንዲያወጡት ይገደዳሉ። ተመዝግበው የገቡትን ተማሪዎች የኤልሳትና የማርክ መካከለኛ ቁጥር፣ ስንቱ ስኮላርሺፕ እንዳገኘና ስንት እንደሆነ ያሳያል። እነዚህን ቁጥሮች ከዌቨሩ አጠገብ ሠንጠረዡ ውስጥ አስገቢያቸው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። አንቺ 11 ትምህርት ቤት መርጠሻል። ዌቨር እየመጣ ሲሄድ ዝርዝሩ 18፣ 20 ለመሆን ይገፋፋል። «ነፃ አይደል፣ ልሞክረው» ያሰኛል። እያንዳንዱ የተጨመረ ስም ግን 45 ዶላርና አንድ ቅዳሜ ይበላል። ለምን እዚህ ትምህርት ቤት የሚል ጽሑፍ የሚጠይቁ አሉ። ዌቨሩ ባይመጣ ኖሮ ለዚህ ትምህርት ቤት አመለክት ነበር ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ አይደለም ከሆነ ኢሜይሉን አስቀምጪና እለፊው።

ኧርሊ ዲሲዥን በሚባለው ቀድሞ የማመልከቻ መንገድ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። አንዳንድ ትምህርት ቤት በዚያ መንገድ ካመለከትሽ ክፍያውን እተውልሻለሁ ይላል። ኧርሊ ዲሲዥን አሳሪ ነው። ከተቀበሉሽ ሌሎቹን ማመልከቻዎች ሁሉ ታነሻለሽ፣ ስኮላርሺፕ የማወዳደር ዕድልም ይዘጋብሻል። ለእንደ አንቺ ዓይነት ቤተሰብ ያ ውድድር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል። በ85 ዶላር ዌቨር ምክንያት እጅሽን አትስጪ። ወደ ኧርሊ ዲሲዥን የሚገባ ሰው ትምህርት ቤቱን ከሁሉ አብልጦ ስለፈለገና ክፍያውን ስለሚችል ብቻ መሆን አለበት።

ስለከፈልሽው 85 ዶላር። የማመልከቻ ክፍያ አይመለስም የሚል ደንብ በየትምህርት ቤቱ አለ። ቢሆንም የዌቨሩ ኢሜይል የተላከው ከከፈልሽበት ቀን በፊት ከሆነ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለሽ። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርገሽ፣ ደረሰኙንና ኢሜይሉን አያይዘሽ ለአድሚሽን ቢሮው ጻፊ። ወደ ባንክ ደውለሽ ክፍያውን ለማስቀልበስ ግን እንዳትሞክሪ። ማመልከቻሽ ያልተከፈለበት ሆኖ ሊቆም ይችላል። እምቢ ካሉ በዚያው ይብቃ፤ ጉልበትሽን ለቀሩት አሥር አውዪው።

ይህን ከአዲስ አበባ ሆነው የሚያነቡ፣ ኤልኤልቢ (የመጀመሪያ የሕግ ዲግሪ) ጨርሰው ለኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) የሚያመለክቱ ወገኖች ይኖራሉ። እስካሁን ያልኩት በዋናነት ለጄዲ፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ ለመሆን ለሚወሰደው የሕግ ዲግሪ ነው። የኤልሳክ የገቢ ዌቨር እዚህ አሜሪካ ላሉ የጄዲ አመልካቾች ታስቦ የተሠራ ስለሆነ እሱን ከመጠበቅ ይልቅ ለኤልኤልኤም ቢሮው በቀጥታ መጻፍ ይሻላል። ሠንጠረዡና «ዜሮውን አይቻለሁ» የሚለው አሠራር ግን ለእናንተም ያው ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ፤ ሰዓቱንም ልብ በሉ። በዋሽንግተን ሰዓት ዲሴምበር 1 እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው (በፈረንጅ 11፡59) የሚያበቃ ዌቨር አዲስ አበባ ላይ ዲሴምበር 2 ጠዋት፣ በእኛ 1፡59 ሰዓት ላይ ነው የሚያበቃው።

ማመልከቻዎቹ ከተላኩ በኋላም ሠንጠረዡን አትዝጊው። መቀበያ ደብዳቤው ሲመጣ መቀመጫ ማስያዣ የሚባል ሌላ ክፍያ ይከተላል። ብዙ ጊዜ ከማመልከቻው ክፍያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ የራሱ ቀንም አለው። ይህንንም ለማስቀነስ ወይም ቀኑን ለማስገፋት መጠየቅ ይቻላል። በየትምህርት ቤቱ መስመር ላይ መጠኑንና ቀኑን የምትጽፊበት አንድ ባዶ ቦታ ከአሁኑ ተዪለት። ዌቨሩን የፈቀደልሽን ሰው ኢሜይል አድራሻም እዚያው አኑሪው፤ ያኔ መጀመሪያ የምትጽፊው ለእሱ ነው።